ማብቂያ ያጣ ኩርፊያ

ልጆቼ፣

እኩዮቼ ደሴ ፒያሳ ሻይ ላይ ሲቀመጡ ስለ እናንተ የሚሉትን ልንገራችሁ። «የዛሬ ልጅ ሆደ ባሻ ነው። ገና አፍህን ሳትከፍት ይከፋዋል። እኛ ስንቱን ተረብ ችለን ነው ያደግነው» ይላሉ። ሻዩን አብሬያቸው እጠጣለሁ፤ ሐሳቡን ግን አልጋራም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በደቡብ ወሎ ወረዳዎች ችሎት ላይ ተቀምጬ ነውና የእነዚያን «ቻይ» አባቶች መዝገብ አገላብጬዋለሁ። ቻይ አልነበሩም። ክሱ «የድንበር ክርክር» ወይም «ድብደባ» ተብሎ ይመጣል፤ ምስክር ሲሰማ ግን ከሥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቃል ነው። ሠርግ ላይ የተወረወረ አሽሙር፣ ገበያ መሀል የተሰነዘረ ስድብ፣ ሰው ፊት ሳይመለስ የቀረ ሰላምታ። በዚህ ሰበብ ዱላ የተማዘዘ፣ ደም የተቃባ፣ ልጆቹን በአንድ መንገድ አታልፉም ብሎ ያሳደገ ስንት አለ።

ስለዚህ የዘመኑ ሰው ቶሎ ይከፋዋል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይከፋዋል፤ የድሮውም ይከፋው ነበር። የድሮው ኩርፊያ ግን ማብቂያ ተበጅቶለት ነበር።

አንድ መዝገብ ላውጋችሁ፤ ባለጉዳዮቹ እንዳይታወቁ አንዳንዱን ነገር ለውጬዋለሁ። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ ቡና አፍልታ የግቢውን ሰው ስትጠራ በር ለበር የምትኖረውን ጎረቤቷን ዘለለቻት። ያችኛዋ አቦሉም ቶናውም ሲያልፍ ቤቷ ቁጭ ብላ ትሰማለች። በረካው ላይ «ጨው ካላችሁ» ብላ ብቅ ስትል ባለቡናዋ «ሽታው ነው አይደል የጠራሽ?» አለቻት። ቡና ጠጪዎቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን ራፖር ጻፊው በሁለት ገጽ ዘርዝሮታል፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ከሳሿን «ምን አለችሽ?» ብዬ ስጠይቃት ያን ሁሉ ስድብ ትታ «ሽታው ነው የጠራሽ አለችኝ» አለች። ነገሩ ችሎት ፊት ጮክ ተብሎ ሲነገር አነሰ፤ ለምስክርነት የመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ሌላስ?» አልኳት። ብዙ ቆየች። በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ ታሞ ሳለ ደጄን አልረገጠችም» አለች። ተከሳሿ ዞራ አየቻት። «የቱ ልጅሽ?» አለች። ሐይቅ ከተማ አራስ እህቷ ዘንድ ከርማ ስለነበር የልጁን መታመም ማንም አልነገራትም። ስትመለስ ጎረቤቷ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀቻት፤ እሷም በተራዋ ተቀየመችና ቡናውን ሳትጠራት ቀረች። መዝገቡ በእርቅ ተዘጋ።

ይህን ዓይነት ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ከሚከስበት ቃል በስተኋላ ሌላ ያልተነገረ ቅሬታ ተቀምጧል። ቃሉ ላይ ብቻ ስትከራከሩ ብትውሉ ዋናውን አታገኙትም።

ሕጉም ቢሆን ለኩርፊያ ዳር ያበጀለት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 615 ስድብንና ማዋረድን ይቀጣል፤ ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ300 ብር በማይበልጥ መቀጮ። (300 ብር ዛሬ ለሁለት ሰው ምሳ መብቃቱን እጠራጠራለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ይህ ወንጀል ተበዳዩ አቤት ካላለ አያስከስስም፤ አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንስቶ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ተበዳዩ ራሱ ከሳሽ ሆኖ በሚቀርብበት ጉዳይ ዳኛው ክሱን ከማንበቡ በፊት ሁለቱን ለማስታረቅ መሞከር ግዴታው ነው። ሕግ አውጪው ስድብ እንደሚያም ያውቃል። ሰው ግን ለአንድ ቃል ዕድሜ ልኩን ፍርድ ቤት እንዲመላለስ አልፈለገም።

ከሕጉ በላይ የሠራው ግን ቅሬ ነው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማለቴ ነው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ቅሬው የሁላችን ነበር፤ የሚሰግደውም የሚሳለመውም በአንድ መዝገብ ይጠራል፤ ጡሩምባ ተነፍቶ የቀረ ይቀጣል። ለቀብር ቁፋሮና ለቃሬዛ ሲመደብ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አይጠየቅም። እንዲያውም አንዳንድ የቅሬ ዳኞች አውቀው ነው የሚያጣምሯቸው ብዬ እጠረጥራለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት በውርስ መሬት የተጣሉ፣ ሰላምታ ካቆሙ የሰነበቱ ዘመዳሞች አንድ ቃሬዛ ከፊትና ከኋላ ይዘው ቁልቁለት ሲወርዱ ከኋላቸው እሄድ ነበር። መንገዱ ዝናብ የበላው ኮረት ነው። የፊተኛው እግሩን አስቀድሞ ይሞክርና «ቀስ በል፣ ድንጋይ አለ» አለ። የኋለኛው «አይቼዋለሁ» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተነጋገሩት ይህንን ነው። ሽማግሌዎቹም ይህችን ታህል ቀዳዳ ነው የሚጠብቁት፤ ሰልስቱ ሳይወጣ ድንኳኑ ውስጥ አንዱን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሌላውን «አፉ በል» አሰኝተው አስጨበጧቸው። የመሬቱ ክርክር እንዳለ ቀጠለ፤ ሲከራከሩም ግን እየተሰላለሙ ነበር። ነገሩ ከብዶ ደም ከፈሰሰበት ደግሞ አበጋሮች የሚባሉ የደም አስታራቂ አባቶች ነበሩ፤ ዛሬም በየገጠሩ አሉ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይባላል። እናንተ ማጭዱን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት። የተከፋ ሰው ድሮ ከቤቱ ወጥቶ የሰደበው ሰው ደጅ እስኪደርስ ዳገቱ ግማሹን ንዴት ይጨርስለት ነበር። ዛሬ ደሙ እንደፈላ ይጽፋል። ውሃ ጠጥቶ ሳይመለስ የማያውቁት ሰዎች ሥሩ ላይ ተሰልፈዋል፤ አንዱ «አትልቀቀው» ይላል፣ ሌላው የአምስት ዓመት ቪዲዮ ቆፍሮ ያመጣል። በእኔ ግምት ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተቀያሚው በማግስቱ ንዴቱ ቢበርድለት እንኳ መመለሻ የለውም፤ የሰበሰበው ሰው ከኋላው ቆሟል። «ተነጋግረን ታርቀናል» ብሎ ቢጽፍ «ስንት ከፈሉህ?» ይሉታል። የእኔ ችሎት ምስክር የነበሩት ሴቶች ከእርቁ በኋላ ከሁለቱ ጋር ቡና መጠጣት ነበረባቸው፤ ስለዚህ እርቁን ይፈልጉታል። በቲክቶክ የሚመሰክረው ሰው ግን ከማናችሁም ጋር ቡና አይጠጣም።

ይህን ስል «እንግዲያው ቻሉት» ያልኳችሁ እንዳይመስላችሁ። ቻሉት መባል የሌለበት ነገር አለ። በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣልንን፣ ሸክላ ሠርታ እንስራውን የምታቀርብልንን ሰው ለዘመናት «ቡዳ» እያልን ኖረናል። ከእነሱ ጋር አንጋባም፣ ማዕድ አንቆርስም፤ ቅር ሲላቸው «ቀልድ ነው» እንላለን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዛሬ የባለ እጅ ልጅ በዚህ ስም ሲጠራ ቢቆጣ ሆደ ባሻ የሚለውን ሰው አልሰማውም። ስለ ራሳችንም እናውቀዋለን፤ ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ወሎዬነትን ከስንዴ እርዳታ ጋር የሚያያይዝ ቀልድ ሲነገር ቤተሰቡን የቀበረ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሲስቅ አይቻለሁ። የሳቀው ስለቻለ መስሏቸው ይሆናል፤ አጠገቡ ስለነበርኩ ሳቁን አውቀዋለሁ።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ቃሉ ከተነገረ በኋላ የተነገረበት ሰው ምን ያጣል? ኩራቱን ለአንድ ከሰዓት ካጣ ይመለስለታል። ትዳር፣ እንጀራ፣ በሰፈሩ በሰላም ማደርን የሚያሳጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ የአንድ ሰው ስሜት መሆኑ ቀርቷል። ሕጉም ሁለቱን አይደባልቅም። ተራ ስድብ በአንቀጽ 615 ሲታይ፣ ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዲጠላ፣ እንዲገለል ወይም እንዲጠቃ የሚያነሳሳ ንግግር በ2012 ዓ.ም. የራሱ አዋጅ ወጥቶለታል፤ ቁጥሩ 1185 ነው። እንዲህ ያለውን ስትሰሙ በሽምግልና ሸፋፍኑት አልላችሁም።

ሌላ ደግሞ የውሰት ቅያሜ አለ፤ ይህኛው በእናንተ ዘመን በዝቷል። ወሎ ሠርግ ላይ ሁለት እንደሚታረድ ታውቃላችሁ። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለእስላም ጎረቤቶቹ ከብቱን አስረክቦ ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፤ እስላሙም ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ። ጾም ከሆነ የጾሙ ለብቻ ይሠራል። ግማሽ ዘመዴ በአንዱ ዳስ ግማሹ በሌላው ሲበላ ነው ያደግኩት፤ ጭፈራው ሲጀመር ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ነው። በቅርቡ ከሩቅ የመጣ አንድ ወጣት እንግዳ ሁለቱን ዳስ በስልኩ ቀርጾ «ሰውን በሃይማኖት ለያይተው ሲያበሉ» ብሎ ለቀቀው። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ተቆርቁሮ ነው። ቪዲዮው ሰፈሩ ውስጥ ሲዞር አንድ አዛውንት አጎቴ አስተያየቶቹን አስነብበው ሲጨርሱ «እኔ ሳልቀየም ማን ነው የተቀየመልኝ?» አሉ። ስለ ሌላው ሰው ክብር ከመቆጣታችሁ በፊት እሱን ጠይቁት። አጠገባችሁ ነው፤ እየበላ ነው።

እንግዲህ ሲከፋችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ሰውዬውን አግኙት፤ መገናኘት ካልተቻለ ደውሉ። በጽሑፍ አታድርጉት፤ ድምፅ የሌለው ቃል ለሰሚው ግራ ነው፤ ቀልዱም ቁጣ ይመስላል። «ሰደብከኝ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ይከላከላል። «ትናንት ያልከኝ ነገር ከነከነኝ፤ ምን ለማለት ነው?» ካላችሁት ግን ማስረዳት ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የሚሰማችሁ መልስ የልጁን ሕመም እንዳልሰማችው ሴትዮ ያለ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በእርግጥ ሊያዋርዳችሁ ፈልጎ እንደሆነ ይገባችኋል፤ ያኔ ሁለታችሁንም የሚያውቅ አንድ ሰው በመሀል አስገቡ። ታላቅ ወንድም፣ የቢሮ ባልደረባ፣ የሰፈር አባት፣ ማንም ይሁን፤ ለእርቁ የሚጨነቅ መሆኑ ይበቃል። አይሆንም ካለ ራቁት። መራቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰልፍ ማስጠራት ሌላ ነው። አኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል የሚባለውም ለእናንተው ታስቦ ነው፤ ርቦት የሚውለው እሱ ነው።

የሰደባችሁት እናንተ ከሆናችሁስ? «ቀልዴን እኮ ነው» አትበሉ። በችሎት ዘመኔ ይህ ቃል አንድም ከሳሽ ሲያበርድ አላየሁም፤ ሁለተኛ ስድብ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ ማላገጥ ብቻ ሳይሆን ቀልድ አታውቅም ማለትም ነውና። «ቅር ካላችሁ ይቅርታ» የሚሉትም አለ፤ እሱም ጥፋቱን መልሶ በተከፋው ላይ ይጥላል። «እንዲህ ብያለሁ፤ ማለት አልነበረብኝም» ካላችሁ ይበቃል፤ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ቦታውንም ምረጡ። ጎረቤት ፊት የተሳደበ ሰው ጎረቤት ፊት ነበር ይቅርታ የሚጠይቀው፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣውም ሰው እንዲያየው ነው። ስድቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከተጻፈ ይቅርታውም እዚያው ግሩፕ ላይ ይጻፍ። በውስጥ መስመር ብቻ የሚላክ ይቅርታ ለተበደለው ሰው ግማሽ ነው፤ ስድቡን ያነበቡት ሁሉ እርቁን አላነበቡማ።