ቦንድ ሲሰበር ሙቀት ይወጣል ወይስ ይገባል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የ11ኛ ክፍል ዘመኔ ትዝ አለኝ። የሚቴን ጋዝን ቃጠሎ በቦንድ ኢነርጂ (አተሞችን ያያያዘውን ቦንድ ለመስበር በሚፈጀው ኢነርጂ) ስትሠራ +802 ኪሎጁል መጣብህ፤ መልሱ ግን −802 ነው። «ቦንድ ሲሰበር ኢነርጂ ይወጣል አይደል እንዴ?» ብለሃል። እኔም በዚሁ ነገር አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስሳሳት ኖሬያለሁ። አሁን እዚህ ድሬ፣ ሳቢያን አካባቢ ተማሪዎች አስጠናለሁ። ይኸው ጥያቄ ሳይመጣ ያለፈ ዓመት የለም።

ቦንድ መስበር ኢነርጂ ይበላል። ሁልጊዜ። ኢነርጂ የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ነው። ግራ የሚያጋባን ባዮሎጂ ክፍል «የኤቲፒ (ሴል ለኢነርጂ የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ቦንድ ሲሰበር ኢነርጂ ይወጣል» ሲባል መስማታችን ይመስለኛል። እዚያም ቢሆን ኢነርጂው የሚመጣው ከውሃ ጋር ከሚፈጠሩት አዳዲስ ቦንዶች ነው።

ታይዋን ገበያ ከተበላሸ ስፒከር ያስወጣኋቸው ሁለት ማግኔቶች አሉኝ። እንደተጣበቁ ለተማሪ እሰጥና «አላቃቸው» እለዋለሁ። ጥፍሩን አስገብቶ ይታገላል፤ በድሬ ሙቀት ላይ ተጨምሮ ላቡ ጠብ ይላል። ከተላቀቁ በኋላ መልሶ ሲያቀራርባቸው ግን በራሳቸው ጧ ብለው ይገጥማሉ፤ ካልተጠነቀቀ ጣቱን ይቆነጥጡታል። ማላቀቁ ጉልበት ወሰደ። ሲገጥሙ ደግሞ በድምፅና በሙቀት ወጣ። አተሞችም በዚህ በኩል እንደዚያው ናቸው።

እንግዲህ ሒሳቡ የከፈልከውንና የተቀበልከውን ማስላት ነው። አንድ ሚቴን ከሁለት ኦክስጅን ጋር ተቃጥሎ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሁለት ውሃ ይሰጣል። የምትሰብረው 4 የካርቦን-ሃይድሮጂን ቦንድ በ413፣ 2 የኦክስጅን ድርብ ቦንድ በ498፤ በድምሩ 2648 ኪሎጁል ከፈልክ። የምትፈጥረው 2 የካርቦን-ኦክስጅን ድርብ ቦንድ በ799፣ 4 የኦክስጅን-ሃይድሮጂን ቦንድ በ463፤ 3450 ተቀበልክ። 2648 ሲቀነስ 3450፣ −802። የተቀበልከው ስለበለጠ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ወጣ፤ ኤግዞተርሚክ (ሙቀት የሚያስወጣ) ነው። አንተ ገልብጠህ ቀንሰሃል፣ ሌላ ስህተት የለብህም። ጋዝ ምድጃ ያለ ክብሪት የማይነሳውም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚከፈል አለ።

ተቃራኒውን ማየት ከፈለግህ ናይትሮጂንና ኦክስጅንን ውሰድ። የናይትሮጂን ሦስትዮሽ ቦንድ 945 ነው፤ በጣም ጠንካራ። በኦክስጅን 498 ስትደምርበት 1443 ትከፍላለህ። የሚፈጠረው 2 ናይትሪክ ኦክሳይድ እያንዳንዱ 631፣ ማለትም 1262 ብቻ ይመልስልሃል። +181፣ ኢንዶተርሚክ (ሙቀት የሚያስገባ)። አየር እንዲሁ ተቀምጦ ወደዚህ የማይለወጠው፣ ባጃጅ ሞተር ውስጥ ባለው ግለት ግን የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦንድ ስትቆጥር አትቸኩል አቦ። ሁለት ሞለኪውል ውሃ ሲባል 2 ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ 4 ነው።

ሌላ ቦታ ለሚቴን −890 ካየህም አትደንግጥ። የቦንድ ኢነርጂ ሁሉም ነገር ጋዝ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። −890 ውሃው ፈሳሽ ሲሆን ነው፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ በሞል (ሞል የሞለኪውሎች መቁጠሪያ ነው) 44 ኪሎጁል ገደማ ይጨምራል፣ ሁለት ሞል ስለሆነ 88።

አባቱ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ተማሪዬ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል (ግሎ ወደ ኖራና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለያይ) ያለውን በዚሁ ዘዴ ሊሠራ ሞክሮ ነበር። ጥያቄው ግሩም ነው፣ ዘዴው ግን አይሆንም። የኖራ ድንጋይ አዮኒክ (ቻርጅ ካላቸው አዮኖች የተሠራ) ጠጣር ነው፤ የቦንድ ሠንጠረዡ ለእሱ አልተሠራም። እዚያ የምንጠቀመው የፎርሜሽን ኢንታልፒን (ውህዱ ከንጥረ ነገሮቹ ሲፈጠር ያለውን የሙቀት ለውጥ) ነው፤ በሞል +178 ኪሎጁል ገደማ ይመጣል። ምድጃው ያን ያህል ነዳጅ ከሚበላባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።