የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ነጮች ሲገቡ ደቡብ አፍሪካ ባዶ ነበረች ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንደምን ናችሁ። ደቡብ አፍሪካ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ አለኝ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ ምናምን እሸጣለሁ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ገበሬ ደንበኛ አለኝ፣ ለሠራተኞቹ ብርድ ልብስ ከኔ ነው የሚገዛው፣ እና ባለፈው የመሬት ወሬ ተነስቶ «እኛ በመርከብ ከደቡብ ስንገባ ጥቁሮቹ ደሞ ከሰሜን እየወረዱ ነበር፣ እኩል ነው የደረስነው፣ መሬቱ ባዶ ነበር» አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ኮሳ ነው፣ ሰማ፣ ዝም አለ፣ ሰውዬው ሲወጣ ግን «አባቴንም ትምህርት ቤት ይሄንኑ ነው ያስተማሩት» አለኝና ዕቃ መደርደሩን ቀጠለ። እኔ የምለው ጠፋኝ። እውነቱ የቱ ነው? (ከጆሃንስበርግ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባዶ አልነበረም። ልጁ ያለህም ትክክል ነው፣ በአፓርታይድ ዘመን በተማሪ መጽሐፍ ላይ የነበረው ይሄው ታሪክ ነው፣ ስንት ትውልድ ተምሮታል፣ ስለዚህ ሰውዬው ከራሱ ፈጥሮ አይደለም የነገረህ። ግን ረጋ ብሎ መመለስ አለበት፣ ምክንያቱም ውስጡ ትንሽ እውነት ጣል ስላለበት ነው ሰው ቶሎ የሚያምነው።

እውነቷ ይቺ ነች፦ ኮሳ፣ ዙሉ፣ ሶቶ፣ ጽዋና የምንላቸው ሕዝቦች የባንቱ ቋንቋ ተናጋሪ ናቸው፣ የባንቱ ቋንቋዎች መነሻ ደሞ አሁን ናይጄሪያና ካሜሩን የሚዋሰኑበት አካባቢ ነው፣ ከዛ ተነስተው በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ተስፋፉ። እሺ፣ ከሰሜን ነው የመጡት። መቼ ግን? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ብረት የሚያቀልጡ፣ ማሽላ የሚዘሩ፣ ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች አሁን ሊምፖፖና ክዋዙሉ ናታል በሚባለው ምድር በ300 ዓ.ም. አካባቢ ሰፍረው ነበር። ሆላንዶች ኬፕ ላይ፣ ማለትም አሁን ኬፕ ታውን ባለችበት ጥግ፣ ሊሰፍሩ የወረዱት በ1652 ነው። መሃላቸው ከ1,300 ዓመት በላይ አለ፣ ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው እኩል የደረሱት?

በነዚህ ዓመታት ደሞ ሰዎቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሊደንበርግ አካባቢ የተገኙት ሰባት ከሸክላ የተሠሩ የሰው ራሶች 1,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ሊምፖፖ ወንዝ ዳር ማፑንጉብዌ በሚባል ኮረብታ ላይ በ1200ዎቹ ንጉሥ ነበረ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይልክ ነበር፣ በምትኩ ከባሕር ማዶ የመጣ ጨሌ ይገባለት ነበር። እዛ መቃብር ውስጥ በ1930ዎቹ የተገኘች ከስንዝር የምታንስ አውራሪስ አለች፣ ከስስ ወርቅ ተቀጥቅጣ የተሠራች ነች፣ ወርቁ ከእንጨት ላይ የተያያዘው በጥቃቅን የወርቅ ሚስማር ነው፣ ሚስማሮቹን ለማየት በደንብ መጠጋት ያስፈልጋል። ባዶ መሬት ላይ ማን ነው ይሄን የሠራው? አንተም ካለህበት ሩቅ ሳትሄድ የምታየው አለ፦ እዛው ጆሃንስበርግ ውስጥ ሜልቪል ኮፒስ የሚባል የተከለለ ኮረብታ አለ፣ ወርቅ ተገኝቶ ከተማው በ1886 ከመቆርቆሩ ብዙ ቀደም ብሎ ብረት ይቀልጥበት የነበረ ምድጃ እዛ ተቆፍሮ ወጥቷል።

የባሕሩን ዳርቻ ከጠየቅህ ደሞ ምስክሮቹ ራሳቸው ነጮቹ ናቸው። በ1552፣ በ1554 እና በ1593 የፖርቹጋል መርከቦች በምሥራቁ ዳርቻ ተሰብረው የተረፉት ሰዎች በእግር ወደ ሞዛምቢክ ሲጓዙ ያዩት ተጽፎ ቀርቷል፣ መንደር፣ አዝመራ፣ የከብት መንጋ፣ አለቃ ያለው ጥቁር ሕዝብ ነው ያገኙት፣ ከነሱ ከብት ገዝተው በልተው ነው ነፍሳቸው የተረፈው። ይሄ ሁሉ የመጀመሪያው ሆላንዳዊ ሰፋሪ ከመምጣቱ ከ59 እስከ 100 ዓመት በፊት ነው።

አሁን ሰውዬው «እኔ ያልኩህ ስለ ኬፕ ታውን አካባቢ ነው» ቢልህስ? እውነት ነው፣ ምዕራቡ ጥግ በክረምት ነው የሚዘንብለት፣ ማሽላ አይሆንበትም፣ ስለዚህ ባንቱ ተናጋሪ ገበሬዎች እዛ አልሰፈሩም። ግን እዛም ባለቤት ነበረው። አድኖና ለቅሞ የሚኖረው ሳን ሕዝብ ከሁሉም የቀደመ ነው፣ እነሱ በደቡብ አፍሪካ የኖሩበትን ጊዜ በሺህ ሳይሆን በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጥሩት። ከዛ የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ በግና ከብት የሚያረቡት ኮይኮይ አሉ። ሆላንዶቹ ሲደርሱ የተቀበሏቸውም፣ ሥጋ የሸጡላቸውም ኮይኮይ ናቸው።

እዚህ ጋር ነው በጣም የሚገርመኝ ነገር ያለው። የሰፈራው አዛዥ ያን ቫን ሪቤክ በየቀኑ ማስታወሻ ያስይዝ ነበር፣ ለሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚላክ፣ እስካሁንም አለ። በ1655 ኮይኮዮቹ ጎጇቸውን ከሆላንዶቹ ምሽግ አጠገብ ሲተክሉ ራቅ በሉ ተባሉ፣ እነሱም ይሄ መሬት የኛ እንጂ የናንተ አይደለም፣ በፈለግነው ቦታ እንተክላለን አሉ፣ ማስታወሻው ላይ ሰፍሯል። በ1657 ኩባንያው ዘጠኝ ሰዎችን ከሥራ ፈትቶ ሊስቤክ ወንዝ ዳር መሬት ሰጣቸው፣ ያ መሬት የኮይኮይ ግጦሽ ነበር፣ በ1659 ጦርነት ተነሳ። በ1660 ለእርቅ ሲቀመጡ ኮይኮዮቹ ያሉትን ራሱ ቫን ሪቤክ ነው ያጻፈው፦ ከድሮ ጀምሮ የኛ የሆነውን መሬት በየቀኑ እየወሰዳችሁ ነው፣ እኛ ሆላንድ ብንመጣ እንዲህ እንድናደርግ ትፈቅዱልናላችሁ ወይ? መሬቱ ለሁለታችን ካልበቃ መልቀቅ ያለበት ባለቤቱ ነው ወይስ ከውጭ የመጣው? ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ መሬቱን በጦርነት አጥታችኋል፣ እኛ በሰይፍ ነው ያገኘነው የሚል ነው። ልብ በል፣ ባዶ ነበር አላለም፣ በሰይፍ ነው ያለው። የባዶ መሬት ወሬ በኋላ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ኮይኮዮቹ በዚሁ እርቅ ላይ ቢያንስ ሥራሥርና መራራውን የዱር ለውዝ እንድንለቅም ግቡ በሉን ብለው ለመኑ፣ የለመዱት ምግባቸው ነው። አይሆንም ተባሉ፣ አንደኛ ገብታችሁ ጉዳት ታደርሳላችሁ፣ ሁለተኛ ደሞ ለውዙን እኛ ለአጥር ተክል እንፈልገዋለን ተብሎ። እና ያንኑ ለውዝ ተክለው ሰፈራውን አጠሩበት። የኛ ሰው ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል፣ እዚህ ግን እንግዳው ነው ባለቤቱን ከገዛ ግጦሹ ያጠረበት፣ ያውም በገዛ ምግቡ። የዛ አጥር ቅሪት ዛሬም ኬፕ ታውን ኪርስተንቦሽ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ በቅሎ ይታያል፣ ግንዱ መሬት ለመሬት እየተጋደመ ሄዶ ቅርንጫፉ እርስ በርስ ተቆላልፏል።

አንድ ሌላ ነገርም ያነሳልህ ይሆናል፣ ቦሮች፣ ማለትም የነዚያ ሰፋሪዎች ዘሮች፣ በ1830ዎቹ በጋሪ ወደ መሃል አገር ሲወጡ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ አግኝተዋል ይባላል። ያ በከፊል እውነት ነው፣ በ1820ዎቹ በአፍሪካውያኑ መሃል ከባድ ጦርነት ነበረ፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ተራራ ለተራራ ገብቶ ነበር። ግን ከዛ ጦርነት በፊት፣ በ1820 ካዲትሽዌኔ የተባለውን የጽዋና ከተማ ያየ ሚስዮናዊ የነዋሪውን ብዛት የገመተው ከዛን ጊዜዋ ኬፕ ታውን ጋር በሚቀራረብ ቁጥር ነው። በጦርነት ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው መሬቱ ባለቤት የለውም አይባልም፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ይሄን ማንም ሊነግረን አይገባም። በኋላ ደሞ በ1913 በወጣው የመሬት ሕግ ለብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ የተተወለት ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሱቅህ ያለበት ሎኬሽን ራሱ የዚህ ሁሉ ታሪክ ውጤት ነው።

ጥያቄ፦ ኮይኮዮች በ1510 የፖርቹጋል ጦር እንደመቱ አንብቤ ነበር። ያንን የቻሉ ሰዎች እንዴት በጥቂት ሆላንዶች ተሸነፉ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያነበብሽው ልክ ነው እህቴ። ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ የሕንዱ የመጀመሪያ የፖርቹጋል እንደራሴ ነበር፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ውሃና ሥጋ ሊይዝ ኬፕ ላይ ቆመ፣ ሰዎቹ ከኮይኮይ ጋር ተጣሉ፣ መንደር ገብተው ከብት ሊነዱ ሲሉ ኮይኮዮቹ የሰለጠኑ በሬዎቻቸውን በፉጨት እየነዱ፣ በነሱ ተከልለው፣ በድንጋይና በእሳት በተጠነከረ የእንጨት ጦር መጡባቸው። እንደራሴው ራሱን ጨምሮ ከ60 በላይ ፖርቹጋሎች አሸዋው ላይ ቀሩ።

ልዩነቱ ፖርቹጋሎች ሊሄዱ ነበር የመጡት፣ ሆላንዶች ግን ሊቀመጡ። እንግዳው ካልሄደ የከብት አርቢ ኑሮ ይበላሻል፣ ምክንያቱም ኮይኮይ እንደኛ አገር ቦረናና አፋር ወቅት እየጠበቀ ነው መንጋውን የሚያዞረው፣ በበጋ የሚመጣበት ግጦሽ ታርሶ ስንዴ ተዘርቶበት ካገኘው የት ይሂድ? በዛ ላይ አንድ ንጉሥ አልነበራቸውም፣ ጎሳዎቹ እርስ በርስ ፉክክር ነበራቸው፣ ሆላንዶች ያንን አውቀው አንዱን ከአንዱ ያጋጩ ነበር፣ በመዳብና በትምባሆም ከብቱን እየገዙ መንጋውን አመናመኑት።

ሳይዋጉ ግን አልቀሩም። የ1659ኙን ጦርነት ከመሩት አንዱ ዶማን ይባላል፣ አስተርጓሚ ነበር፣ ሆላንዶቹ ራሳቸው ጃቫ ድረስ ወስደውት ነበር፣ እዛ የመሣሪያቸውን ነገር በደንብ አይቶ ተመለሰ። ጠመንጃቸው የሚተኮሰው በክር እሳት ነው፣ ዝናብ ካገኘው ክሩ ይረጥብና አይተኮስም። ስለዚህ ዶማን ዝናብ ሲጥል እየጠበቀ ነበር የሚመታቸው፣ ምሽጉን መስበር ግን አልቻሉም። በ1670ዎቹ ሌላ ጦርነት መጣ፣ ያኔ ብዙ ሺህ ከብት ተዘረፈባቸው። ከዛ በ1713 ፈንጣጣ ገባ፣ ከመርከብ የወረደ የታመመ ሰው ልብስ ከተማ ውስጥ ሲታጠብ ነው የተዛመተው፣ በሽታውን ከዛ በፊት የማያውቀው ኮይኮይ በየመንደሩ አለቀ፣ የተረፈው አብዛኛው በገዛ መሬቱ የሰፋሪ እረኛ ሆነ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኮይኮዮች አሁን የሉም ማለት ነው? ሆተንቶት የሚባሉት እነሱ ናቸው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሆተንቶት ሆላንዶች ያወጡባቸው ስም ነው፣ ዛሬ ስድብ ነው፣ ልጆቻችሁን ኮይኮይ በሏቸው ብላችሁ አስተምሩ። አሉ፣ ናማዎች በሰሜን ኬፕና በናሚቢያ ቋንቋቸውን እስከዛሬ ይናገራሉ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከለርድ (ቅይጥ ዘር) ከሚባለው ሕዝብ ብዙው ደሙ ከነሱና ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ፣ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ ከመጡ ባሮች ነው። ኮሳ ሲያወራ የምትሰሙት የምላስ ጠቅታም ከኮይና ከሳን የወሰደው ነው፣ ለብዙ ዘመን ጎረቤት ሆነው ተጋብተው ኖረዋል።

ክሮቶዋ ስለምትባል የኮይኮይ ሴት ደሞ ልንገራችሁ። ገና ልጅ ሆና ነው ቫን ሪቤክ ቤት የገባችው፣ ሆላንድኛውን አቀላጥፋ በጦርነቱና በእርቁ መሃል አስተረጎመች፣ ኢቫ ተብላ ተጠመቀች፣ በ1664 የኩባንያውን ሐኪም ዴንማርካዊውን አገባች። ባሏ ማዳጋስካር ላይ ተገደለ፣ እሷ በመጠጥ ተጎዳች፣ ልጆቿን ነጠቋት፣ ሮበን ደሴት አጋዟት፣ በ1674 ሞተች። ሴት ልጇ ፒተርኔላ ግን አግብታ ወለደች፣ ዛሬ እጅግ ብዙ የነጭ አፍሪካነር ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ ክሮቶዋ ጋር ይደርሳሉ።