«ውሉ አሁን የእኔ ብቻ ነው» ለተባልሽው እህቴ

እህቴ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ባለቤትሽና ጓደኛው በአንድ ውል ብር አበድረው ነበር፤ ባለቤትሽ ሲያርፍ ግን ጓደኛው «ከእንግዲህ ተቀባዩ እኔ ብቻ ነኝ» አለኝ ብለሻል። ልክ አይደለም። እኔም በእሱ ቦታ ሆኜ ስለተሳሳትኩ ነው እንዲህ የምልሽ።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር እያንዳንዳችን 100,000 ብር አዋጥተን ለአንድ ነጋዴ አበደርን። ውሉ አንድ ገጽ ነው። «ለሁለቱ አበዳሪዎች እከፍላለሁ» ይላል። ወንድሜ ባረፈ በአራተኛው ወር ተበዳሪው 80,000 ብር ይዞ መጣ። ብቻዬን ፈርሜ ተቀበልኩ። ለልጆቹ አስቀምጥላቸዋለሁ ብዬ ነበር። የወንድሜ ሚስት ግን ከሰው አፍ ሰማች። ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጠችም። እውነቷን ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 826 የሟች መብትና ግዴታ በሞቱ የሚቋረጥ ካልሆነ በቀር ለወራሾቹ ይተላለፋል ይላል። ያበደሩትን መሰብሰብ ደግሞ በሞት አይቋረጥም። ስለዚህ የባለቤትሽ ድርሻ ወደ ጓደኛው አይዞርም፤ ወራሾቹ በእግሩ ይተካሉ። ውሉ ላይ «አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀበል» የሚል ቃል ካለ ጠበቃ ይየው። ያም ሆኖ መቀበል ሌላ፣ የራስ ማድረግ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይሄኛው ላይ ነው፦ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ወራሽ አይደለችም። ብሩ በትዳር የተፈራ ከሆነ ግን ግማሹ ድሮም የእሷ ነው። በእኛ ቤት ከወንድሜ 100,000 ብር ላይ 50,000ው የሚስቱ ሆነ። የቀረው ለሁለት ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 25,000 ደረሰ። ትንንሽ ስለሆኑ እናታቸው በሞግዚትነት ተቀበለችላቸው።

አንቺም ፍርድ ቤት ሄደሽ የሚስትነት ማስረጃ፣ ለልጆቹ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ አውጪ። ከዚያ ያለ እናንተ ፊርማ ለጓደኛው እንዳይከፍል ለተበዳሪው በጽሑፍ አሳውቂው። የውሉን ኮፒ ግን ዛሬውኑ ያዢ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር ብቻ አይረጋገጥም፤ ወረቀቱ ከጠፋ ጣጣው ብዙ ነው። መክፈያው ቀን ካለፈም አትዘግዪ፣ 10 ዓመት ከሞላው በይርጋ፣ ማለትም መክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል።

ጓደኛው እንደ እኔ ሳያውቅ ይሆናል፤ ከመክሰስሽ በፊት በሽማግሌ አነጋግሪው። እኛ ቀሪውን 120,000 ብር የተቀበልነው አብረን ነው። ደረሰኙ ላይ መጀመሪያ የፈረመችው የወንድሜ ሚስት ናት፤ እኔ ከሥሯ ፈረምኩ።