«እሺ ሲስተር»

ልጆቼ፣ ነጭ ጋወን ገና ለለበሳችሁ ነርሶች ነው ይህን የምጽፈው።

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ቃሊቲ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ገና ጠዋት ወረፋው በር ይደርሳል። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የወጣው፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በታክሲ የመጣው፣ ሁሉም ይቸኩላል። እኛም እንቸኩላለን።

አንዲት እናት ነበሩ፤ የደም ግፊታቸው 170/100። ሐኪሙ ክኒን አዘዘላቸው። እኔም «በየቀኑ አንድ ይውሰዱ፣ ጨው ይቀንሱ» ብዬ ሸኘኋቸው። «እሺ ሲስተር» አሉኝ። በወሩ ሲመጡ ግፊታቸው ብሶ አረፈው። ተቆጣኋቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ክኒኑን ከመቀነታቸው ፈትተው ሲያሳዩኝ ከግማሽ በላይ አልተነካም። «ራሴን ሲያመኝ እውጣለሁ፤ ደህና ስሆን ምን ያደርግልኛል?» አሉ።

ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እንደሌለው ማን ነገራቸው? እኔ አልነገርኳቸውም። «እሺ» ያሉኝም አክብረውኝ እንጂ ገብቷቸው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ «ገባዎት?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «ቤት ሲደርሱ ልጅዎ ‹ምን አሉሽ?› ቢልዎት ምን ይሉታል?» እላለሁ። ሲመልሱ የሳትኩት ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አለካካችሁንም አደራ። ከታክሲ ሮጦ የገባን ሰው ወዲያው አትለኩት። አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይሁን። ቡና ጠጥቶ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ሽንቱ የመጣበት ሰውም ግፊቱ ከፍ ይላል። ብርድ ቢሆንም በሹራብ ላይ አትለኩ። ሁለቴ ለኩ። 140/90 ስላያችሁ ብቻ በአንድ ቀን «ግፊት አለብህ» አትበሉ፤ ሌላ ቀን ቅጠሩት። 180/120 ከደረሰ ግን ቀጠሮ የለም፣ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ።

ልጇን ልታስከትብ የመጣች እናት ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አንሱላት። «ምንም አላመመኝም» ትላችኋለች። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው ለውጥ አያምም፤ በቀላሉ የሚታከመው ደግሞ ያኔ ነው። ይህንን የክፍሉን በር ዘግታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯት። መተላለፊያ ላይ የሚወራ ወሬ አይደለም።

እኚያን እናት ደግሜ ሳስረዳቸው ስለ ጨውም መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ወጡን የምትሠራው ምራቴ ናት!»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋት መጡ።