ለዋግነሩ ልጅ፦ ሦስት መስመር ያለውን ሰው እንዴት እንደምጫወተው

ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። የጌንሺን ኢምፓክት ሮልፕሌይ ግሩፕ ገባህ፤ የጌሙን ሰዎች ሆናችሁ በቻት ታሪክ የምትጽፉበት። ዋናዎቹ ገጸ ባህሪያት፣ ዲሉክም ጂንም ቬንቲም፣ ተይዘዋል። የተረፈልህ የሞንድስታት ከተማ ብረት ቀጥቃጭ ዋግነር ብቻ ነው። «ሰውየው ጌሙ ውስጥ ሁለት ሦስት ነገር ነው የሚናገረው፤ ምን ልጽፍ ነው? ማጀቢያ ሆኜ ልቀር ነው ወይ?» ብለሃል። አብሽር ወንድሜ። እኔ ከዚያ የባሰ ሰው ይዤ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ።

የኔ ሰው ሃንስ ይባላል። ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕን የተጫወተ ያውቀዋል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው፤ በ2018 ደግሞ ስልክ ላይ መጣ። እኛም ደሴ ላይ የጀመርነው በስልክ ነው። የጌሙ ዓለም በየ0.6 ሰከንዱ አንዴ ነው የሚራመደው። ስለዚህ ኔትወርኩ ትንሽ ቢንቀራፈፍም ያን ያህል አይጎዳህም። ፍሪ ፋየር ላይ በዚያ ኔትወርክ ብትገባ ከአውሮፕላኑ ሳትወርድ ሞተሃል።

ሃንስ የላምብሪጅን ግንብ ይዞራል። ቀኑን ሙሉ። ስታናግረው እዚህ ምን እንደምትሠራ ይጠይቅሃል። የቤቱ ባለቤት የታለ ካልከው ዱኩ የት እንዳለ ይነግርሃል። ጠፋሁ ካልከው ያለኸው ላምብሪጅ ግንብ ነው ይልሃል። ሁሉንም ልጨርስ ነው የመጣሁት ካልከው ኡኡ እያለ ይሮጣል። ሌላም አንድ ነገር ይችላል፤ ጌሙን ከጀመርክ ስንት ጊዜ እንደሆነህ ያውቃል። በቃ፣ ሰውየው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ሃንስን ጀግና አደረግኩት። ድሮ ታላቅ ጠንቋይ ነበር፣ ስሙን ቀይሮ ተደብቆ ነው፣ ካባው ስር ሰይፍ አለ ምናምን። ሦስት ገጽ የኋላ ታሪክ ጻፍኩለት። ማንም አላነበበውም። አንዱማ «ሃንሳችንን መልስልን» ብሎ ጻፈብኝ። ተናደድኩ። ልጁ ግን ልክ ነበር። ጠንቋይ ግሩፑ ውስጥ አሥራ አንድ ነበር። ግንብ የሚዞር ሰው አንድ ነበር፤ እሱንም እኔ ገደልኩት።

ያወጡኝ የግቢያችን ዘበኛ ናቸው። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ተከራይቼ ስኖር ግቢውን የሚጠብቁ አንድ አባባ ነበሩ። ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ ታውቀዋለህ። ማታ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ይዞራሉ። የማንንም ሙሉ ታሪክ አያውቁም። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን አኩርፎ እንደወጣ፣ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ ግን አያመልጣቸውም። እኔን ሲያዩኝ «ዛሬ አመሸህሳ፤ ደህና ነህ ወይ ልጄ?» ይላሉ። እኔም ቆሜ የቀን ውሎዬን እዘረግፍላቸዋለሁ። አንድ ሌሊት እንደዚያ ስለፈልፍ ቆይቼ ድንገት ገባኝ። ሰውየው ስለ ራሳቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ግማሽ ሰዓት አቁመውኛል።

በማግስቱ ሃንስን እንደገና ጀመርኩት። ሰይፉንም ጠንቋይነቱንም ጣልኩ። አንድ ባላባት ሆኖ የሚጫወት ልጅ በግንቡ ሲያልፍ ይህችን ብቻ ጻፍኩ፦ «መጀመሪያ ሲመጡ የነሐስ ሰይፍ ነበር የያዙት። ዛሬ ብረቱ ሁሉ ተለውጧል። አረማመድዎ ግን ያው ነው፤ ግራ እግርዎን ይጎትታሉ።» ልጁ ስለ ግራ እግሩ አስቦ አያውቅም ነበር። እዚያው ቆሞ የቆሰለበትን ጦርነት ፈጠረ። አንድ ሰዓት ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሰው ሆን ብሎ በሃንስ በኩል ማለፍ ጀመረ።

እንግዲህ ዋግነር ጋ እንምጣ። መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ እይ። የሞንድስታትን ዋና በር ገባ እንዳልክ ነው። ከከተማው የሚወጣም የሚገባም ያልፈዋል። ስለዚህ ማን ምን ታጥቆ እንደወጣ፣ ማን ባዶ እጁን እንደተመለሰ ያያል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ምን እንደተባለ ወይም የጌሙ ሴረኞች ፋቱዊ ምን እንዳሴሩ ግን አያውቅም። እንዲያውቅ አታድርገው። የሚያውቀው መሣሪያውን ነው። የተሸራረፈ ሰይፍ ከያዘ ሰው ጋር ሲገናኝ ውጊያው ምን እንደሚመስል ከብረቱ ያነባል። ያንን ለባለቤቱ ንገረው፣ የቀረውን እሱ ይጽፈዋል። ረዳቱን ሹልዝንም አትርሳ። ማንም ካልያዘው አንተው በስሙ ጥራው፣ ገስጸው፣ ከሰል አስመጣው።

የአነጋገሩ ምት ነው ከባዱ። እዚህ ላይ የምመክርህ ነገር ከጌሙ ውጭ ነው። ኮምቦልቻ ነኝ ብለሃል፤ ባቲ ቅርብህ ነው። ሰኞ ለገበያ ከወጣህ ወይም ሰፈርህ ቀጥቃጭ ካለ ግማሽ ሰዓት ቁምና እይ። ወናፉ ሲነፋ ይወራል። ብረቱ ቀልቶ መስፉ ላይ ሲወጣ ግን ወሬ የለም። ብረት ሳይቀዘቅዝ ነው የሚመታ። መዶሻው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ብረቱ ይጠቁራል፤ በጉጠት ተይዞ ወደ እሳት ይመለሳል። ያኔ ሰውየው ያቋረጠውን ዓረፍተ ነገር ካቆመበት ይቀጥላል። እንደዚህ ጻፈው! ጥያቄ ሲጠየቅ አይመልስ። ይምታ። ሦስት መልእክት ካለፈ በኋላ ይመልስ። አንባቢው ዋግነርን ካለ ስሙ እንኳ ያውቀዋል።

ግን አደራ፣ ከቀጥቃጩ የምትወስደው ምቱን ነው። ጋቢውን እዚያው ተውለት። እኛ ግሩፕ ውስጥ የጌንሺን ሰዎችም ነበሩ፤ አንዲት ልጅ ዶናን ትጫወት ነበር፤ አበባ ቤት የምትሠራዋን፣ ዲሉክን እያሰበች የምትቃትተዋን። አንድ ቀን ሞንድስታት መሃል ረከቦት ዘርግታ፣ ዕጣን አጭሳ፣ አቦል ቶና በረካ ማለት ጀመረች። እንዴት እንደሳቅን! ሀገሩ የነፋስና የወይን ሀገር ነው። አድሚኑ ሙሉውን ትዕይንት አጠፋው። እውነቱን ለመናገር እኔ በረካው ላይ ልደርስ ነበር፤ ቆጨኝ።

ስለ ዶና ካነሳን፣ አንድ ነገር ልጨምር። ያንተ ሰው በካነኑ፣ ማለትም ጌሙ ራሱ ባጸደቀው ታሪክ፣ ሌላ ሰው ይወዳል ማለት ዲሉክን የያዘው ልጅ መልስ ዕዳ አለበት ማለት አይደለም። መጀመሪያ በድርብ ቅንፍ ከገጸ ባህሪው ወጥተህ ጠይቅ። እምቢ ካለ ዶና ከሩቅ ትቃትት። እንዲያውም ጌሙ ውስጥ ያለችው እንደዚያ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። በእንግሊዝኛ ሁሉም ሰው አንድ «አንተ» ነው። በአማርኛ ስትጽፍ አታመልጥም። ዋግነር ለጂን «እርስዎ» ይላል ወይስ «አንቺ»? ጂን የሞንድስታት ባላባቶች ተጠባባቂ አለቃ ናት፣ ግን በዕድሜ ልጅ ናት። እሱ ደግሞ አንጋፋ የእጅ ባለሙያ ነው። እኔ ብሆን በሰው ፊት «እርስዎ»፣ ማታ ሰይፏን ልታሳል ብቻዋን ስትመጣ «አንቺ» አደርጋት ነበር። አየህ፣ በአንዲት ፊደል ምን ያህል ታሪክ ተሠራ! የጌሙ ዋና ገጸ ባህሪ ተጓዡም ወንድ ወይም ሴት ሊሆን ይችላል፤ አፍህን ከመክፈትህ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቅ። ሃንስን ሁሉንም ሰው «እርስዎ» እንዲል ያደረግኩት በሐሳብ ነው። ሊገድለው የመጣውን ሳይቀር። «ኡኡ! ኧረ እባክዎ!» እያለ ሲሮጥ ግሩፑ ወለሉ ላይ ይንከባለል ነበር።

የኦንላይን ጌም ሌላ ችግር አለው። ታሪኩ አልቆ የተዘጋ አይደለም። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጌም ላይ ማንክሪክ የሚባል ኦርክ አለ፤ ሚስቱን ፈልጉልኝ የሚል። ተጫዋቹ ሁሉ ቻት ላይ «የማንክሪክ ሚስት የት ናት?» እያለ ስንት ዓመት ተጨናነቀ። ሬሳዋ ሜዳ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ካታክሊዝም የሚባለው የጌሙ ማስፋፊያ ሲመጣ ያ ሀገር ራሱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ማንክሪክም ሐዘኑን ወደ በቀል አዙሮ ተገኘ። አሁንም «ሚስቴን አያችኋት?» እያለ የሚጠብቀውን ማንክሪክ የምትጫወት ከሆነ ያ ያንተ ምርጫ ነው። ግን መጀመሪያው መልእክትህ ላይ የትኛው ዘመን እንደሆነ ጻፍ። ዋግነርም ነገ በአዲስ አፕዴት ያላሰብከውን ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ባዶ ቦታውን ስትሞላ በቀላሉ በሚነሳ ነገር ሙላው። ጉልበቱን ያመዋል በል። ልጁ ሞቶበታል አትበል።

የጌንሺኗን የጀብደኞች ማኅበር ተቀባይ ካትሪንን ከመረጥክ ግን አላውቅህም። በየሀገሩ ያው ፊት፣ ያው ስም ናት። ግሩፓችን ውስጥ በአንድ ጊዜ ሦስት ካትሪን ነበሩን። ለሦስቱም አንድ ጥያቄ ስትጠይቅ ሦስት መልስ። ተዋት።

ትንሽ ሰው መሆን የሚጠቅምህ ደግሞ መብራት ሲሄድ ነው። ባለፈው ክረምት ትዕይንት መሃል ላይ ሰፈሩ ጨለመ፤ ስልኬም ሞተ። ሁለት ቀን ጠፋሁ። ዱኩ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ እንደዚያ ቢጠፋ ጉባኤው ሁሉ ይቆም ነበር። እኔ ስመለስ አንዱ «ሃንስ በግንቡ ጀርባ በኩል ነው» ብሎ ጽፎልኝ አገኘሁ። በሌላኛው በኩል ዞሬ ወጣሁ። «ደህና አደራችሁ?» አልኩ።

ማመልከቻህን ዛሬ አስገባ። የኋላ ታሪክ ከአምስት መስመር አይብለጥ። ከተቀበሉህ ሊንኩን ላክልኝ፣ ቅዳሜ ማታ አንድ የዶለዶመ መጥረቢያ ይዤ እመጣለሁ። ዋጋ ላይ ግን እከራከርሃለሁ።