ሞዴሏ የተስማማችው ለምኑ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የምኖር የ25 ዓመት ፎቶ አንሺ ነኝ። እስካሁን ሠርግና ምርቃት ሳነሳ ቆይቼ አሁን ወደ ፋሽን መግባት ስለፈለግሁ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያ) እያዘጋጀሁ ነው። ሞዴሎቼ አንዲት ጓደኛዬና የሌላ ጓደኛዬ እህት ናቸው። ሁለቱም ተስማምተው ያለ ክፍያ ነው የተነሱልኝ፤ እኔም ኤዲት የተደረጉትን ፎቶዎች ሰጥቻቸዋለሁ። ያነሳኋቸው ፍቅር ሐይቅ ዳር ነው። ጥቂት ፎቶዎች ደግሞ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ዕለት፣ በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ ያነሳኋቸው ናቸው። በቴሌግራም ቻናሌ ከለቀቅኋቸው በኋላ አንድ የባህል ልብስ ቡቲክ ሦስቱን መርጦ ለባነርና ለማስታወቂያ በ18 ሺህ ብር ልግዛህ አለኝ። የውል ረቂቁን ከፎቶዎቹ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ሰኞ እንድፈርም ይፈልጋል። ፎቶዎቼን ሰው እንዳይወስድብኝ የቅጂ መብት እንዴት ነው የማስመዘግበው? ንግድ ፈቃድስ ያስፈልገኛል? ዋጋውስ አላነሰም? ይምከሩኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅኸውን ባጭሩ ልመልስልህና ወዳልጠየቅኸው ልለፍ፤ የሚያሰጋኝ ያልጠየቅኸው ነውና።

የቅጂ መብት በመመዝገብ የሚገኝ ነገር አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይፈጠራል፤ ለፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብቱ (ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብት) የሚቆየው ፎቶው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ብዙ ፎቶ አንሺዎች የማያውቁት ግን አዋጁ በፎቶግራፍ ላይ ተጨማሪ ነገር እንደሚጠይቅ ነው፤ ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ ውስጥ መታተም፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ አለበት። በቻናልህ ያሉት ፎቶዎች ጥግ ላይ የቅጽል ስም ብቻ ነው ያየሁት። ሙሉ ስምህንና አድራሻህን ጻፍበት። ሮው ፋይሎቹን (ካሜራው ያስቀመጣቸውን፣ ኤዲት ያልተደረጉትን) ሳትነካ በሌላ ሃርድ ዲስክ አስቀምጥ። ከዚያ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ብታስመዘግብ ለማስረጃ ይጠቅምሃል።

ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ያስፈልግሃል። ሠርግ እያነሳህ ስትከፈል ኖረህ አሁን መጠየቅህ ዘግይቷል፤ ነገ ዛሬ ሳትል አውጣ፤ ቡቲኩም ደረሰኝ መጠየቁ አይቀርም።

የዋጋው ነገር ምን እንደምትሸጥ ካልታወቀ አይመለስም። በረቂቁ 3ኛ አንቀጽ «ማናቸውንም መብት ያለ ጊዜና ያለ ቦታ ገደብ» ታስተላልፋለህ ይላል። አንድ ባነር ለሦስት ወር መስቀል ሌላ፣ ፎቶውን ለዘለቄታው አሳልፎ መስጠት ሌላ። የትኛውን እንደሚፈልጉ ጠይቃቸውና የአጠቃቀሙን ዓይነት፣ ቦታና ጊዜ በውሉ አስገባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በደብዳቤህ «ሁለቱም ተስማምተው» የሚል አለ። ለምኑ ነው የተስማሙት?

ይህን የምጠይቅህ ቢሮዬ የሚመጡ ፎቶ አንሺዎች፣ የሙዚቃ ክሊፕ ሠሪዎች፣ የሜካፕ ባለሙያዎችም ጭምር ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ስለሆነ ነው። «ራሷ መጥታ ነው የተነሳችው፣ ካሜራውን እያየች ፈገግ ብላለች፣ እንዴት አልፈቀደችም ይባላል?» ይሉኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ለሽያጭ ሊቀርብ እንደማይችል ይደነግጋል። ልብ በል፤ የተዘረዘሩት ሦስቱም ከመነሳቱ በኋላ የሚመጡ ድርጊቶች ናቸው። ለመነሳት እሺ ማለት ለመታየት እሺ ማለት አይደለም፤ በአንተ ቻናል ለመታየት እሺ ማለትም በሌላ ሰው ሱቅ ላይ ለመሸጥ እሺ ማለት አይደለም።

ጓደኛህን ስትጠይቃት ምን ብለህ ነበር? ከጻፍኸው እንደምረዳው «ፖርትፎሊዮ እየሠራሁ ነው፣ ተነሺልኝ፣ ፎቶውን እሰጥሻለሁ» ሳትላት አልቀረህም። እሷ የፈቀደችው ይህንን ነው። ሥራህን ለማሳየት፣ አንተን ለማገዝ፣ ለራሷም ጥሩ ፎቶ ለማግኘት። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ስትወርድ የራሷን ፊት በሁለት ሜትር ባነር ላይ፣ ከሥሩ ዋጋ ተጽፎበት ብታይ፣ አንተ ደግሞ 18 ሺህ ብር ኪስህ ገብቶ እሷ ምንም ባይደርሳት፣ «ለዚህማ አልተስማማሁም» ብትልህ ምን ትመልስላታለህ? ጓደኝነታችሁ ይዟት ዝም ትል ይሆናል። እጮኛዋ፣ አባቷ ወይም የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ግን ዝም ላይሉ ይችላሉ። ቢሮዬ የሚደርሱት አብዛኞቹ ጉዳዮች የሚነሱት ከሞዴሏ ሳይሆን ባነሩን ካዩ ቤተሰቦቿ ነው።

ክርክር ከተነሳ ቁጥር 29 ትዕይንቱም ሆነ ሽያጩ እንዲቆም የመጠየቅ መብት ይሰጣታል፤ ፍርድ ቤቱም ካሳ ሊያስከፍልህ ይችላል። ፈቃድ ነበረ የምትለው አንተ ነህና ማስረዳቱም የአንተ ነው። ሕጉ ይህ ፈቃድ የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። ግን ያለ ወረቀት በምን ታስረዳለህ? በቴሌግራም «እሺ 😊» ብላ በመለሰችልህ መልእክት? እሱንም ቢሆን አታጥፋው፣ ስክሪንሹት አድርገህ አስቀምጠው። ነገር ግን እሺታው ለምኑ እንደሆነ አይናገርልህም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከመጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን መረጃ ለምን ዓላማ እንደሰበሰብህ የመናገር ግዴታው ጠንክሯል። ለአንድ ዓላማ የተሰጠን ነገር ለሌላ ማዋል ከበፊቱ የበለጠ አደገኛ ሆኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የረቂቅህን 6ኛ አንቀጽ አንብበኸው እንደሆነ አላውቅም። «በፎቶዎቹ ምክንያት ከሦስተኛ ወገን ለሚነሳ ማናቸውም ክስና ካሳ ፎቶ አንሺው ብቻውን ኃላፊ ነው» ይላል። ገዢው ሞኝ አይደለም፤ አደጋው የት እንዳለ ያውቃል፣ ወደ አንተም አዙሮታል። ስለ ዋጋው ስትጨነቅ ይህን አንቀጽ ዘለልኸው፣ አዝናለሁ። የሞዴሎቹ ፈቃድ በእጅህ ሳይኖር ይህን መፈረም በ18 ሺህ ብር ልኩ የማይታወቅ ዕዳ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፎቶ። ባለ ጥበቡን ቀሚስ ለብሳ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው «የጓደኛዬ እህት» ያልካት ናት። ዕድሜዋን አልጻፍህም። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ ከጀርባዋ ቦርሳ ላይ የተጣጠፈ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ አለ፣ ደረቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ዓርማም ይታያል። ተማሪ ናት ማለት ነው። ከ18 ዓመት በታች ከሆነች በሕግ አካለ መጠን አላደረሰችም፣ የእሷ እሺታ ብቻውን አይበቃም። የጓደኛህ እሺታም አይበቃም፤ ታላቅ ወንድም አሳዳሪና ሞግዚት አይደለም። መፈረም ያለባቸው ወላጆቿ ናቸው፤ ከተቻለ ሁለቱም። በሕይወት ከሌሉ ወይም ከሌላ ሰው ጋር የምትኖር ከሆነ ሞግዚትነቱን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት ይቅረብ። ልጅቷ ብቻዋን ብትፈርም ውሉን ለማፍረስ መጠየቅ የሚችለው የእሷ ወገን እንጂ አንተም ሆንህ ቡቲኩ አይደላችሁም፤ እነሱ በፈለጉ ጊዜ ይፈርሳል፣ አንተ ግን በውሉ ታስረህ ትቀመጣለህ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ያ ዓርማ። የአንዲት ልጅ ፊትና የምትማርበት ትምህርት ቤት በአንድ ፎቶ ላይ ለማያውቋት ሁሉ በቻናል ተለቋል። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ አሁኑኑ ፎቶውን ከቻናልህ አውርደው። ይህ የውል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እህትህ ብትሆን ታደርገው ነበር?

ሦስተኛው የጉዱማሌው ነው። ፍቼ ጫምባላላ በዩኔስኮ የተመዘገበ የአደባባይ በዓል ነው፤ ቁጥር 28 ደግሞ በአደባባይ ከተደረጉ ወይም ሕዝብን ከሚመለከቱ ክንውኖች ጋር የተያያዘ ምስል ያለ ፈቃድ እንዲታይ ይፈቅዳል። ስለዚህ የበዓሉን ድባብ የሚያሳይ ፎቶ ፖርትፎሊዮህ ውስጥ ቢገባ አልሰጋም። ቡቲኩ የመረጠው ግን የሕዝቡን ሳይሆን አንዲት ሴት ብቻዋን ጎልታ የወጣችበትን ነው። የበዓሉን ዘገባ የሚጠብቀው ልዩ ሁኔታ ልብስ መሸጫ ማስታወቂያንም ይሸፍናል ብዬ አልመክርህም። ሴትየዋን አታውቃትም፣ ስሟንም አልያዝህም። አግኝተህ ካላስፈረምሃት ይህንን ፎቶ አትሽጠው።

ለወደፊቱ ከካሜራህ ቦርሳ ውስጥ ከባትሪው እኩል የማይለይ አንድ ገጽ የፈቃድ ወረቀት ይኑርህ። መልኩ ይህን የመሰለ ይሁን፦ «እኔ ስሜና አድራሻዬ ከታች የተጻፈው፣ ፎቶ አንሺው እገሌ በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ያነሳኝን ፎቶዎች ለሥራው ማሳያ በቻናሉና በፖርትፎሊዮው እንዲጠቀምባቸው ፈቅጃለሁ። ለሌላ ሰው ለማስታወቂያ እንዲሸጣቸው፦ ፈቅጃለሁ / አልፈቀድኩም። ከተሸጠ ድርሻዬ ይህን ያህል ነው። ፈቃዴ የሚቆየው እስከዚህ ጊዜ ነው።» ሁለቱን ዓላማዎች በአንድ አረፍተ ነገር አትጨፍልቃቸው፤ ማስታወቂያው ራሱን የቻለ ምርጫ ይሁን፣ ሞዴሏም በገዛ እጇ ትምረጥ። የመታወቂያዋን ኮፒ አያይዝ፣ ዕድሜዋ የሚታየው እዚያ ነው። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 መሠረት ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። ሜካፕ የሠራችውና ላይት የያዘልህ ልጅ እዚያው አጠገብህ ናቸው፤ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። ወረቀቱን ስለተፈረመልህ ብቻ አትመን፤ ይዘቱ ከምታደርገው ጋር ካልገጠመ አይጠቅምህም፣ ስለዚህ ናሙናውን አንድ ጊዜ ለጠበቃ አሳየው።

ስለ ልብሶቹ አልነገርኸኝም። ከዲዛይነር ተውሰህ ከሆነ ለምን ብለህ ተዋስህ? የእሱን ቀሚስ የተፎካካሪው ቡቲክ ባነር ላይ ካየው ቅሬታ ማንሳቱ አይቀርም። ስልክ ደውለህ ንገረውና መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፖርትፎሊዮህ ተሳክቶ ሥራ ሲመጣልህ ይጠቅምሃል። አሁን የምትሸጣቸው ፎቶዎች በራስህ ተነሳሽነት ያነሳሃቸው ስለሆኑ መብታቸው የአንተ ነው። ነገ ግን ቡቲኩ ቀጥሮህ ወይም አዝዞህ ብታነሳ፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። የራስህን ምርጥ ሥራ ፖርትፎሊዮህ ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ ጠያቂ ትሆናለህ ማለት ነው። «ፎቶ አንሺው ሥራዎቹን ለራሱ ማሳያ የመጠቀምና ስሙ እንዲጠቀስ የማድረግ መብት አለው» የሚል አንድ መስመር በእያንዳንዱ የትዕዛዝ ውል አስገባ።

ስለ ሰኞው ቀጠሮ፦ አትፈርም። ለቡቲኩ ባለቤት ደውለህ «የሞዴሎቹን የጽሑፍ ፈቃድ እያሟላሁ ነው፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» በላቸው። ከምር የሚፈልጉ ከሆነ ይጠብቃሉ፤ ፈቃድ ስታመጣላቸው እነሱም ከክስ ይጠበቃሉ። በመጀመሪያ ጓደኛህን አግኛትና ዋጋውን ሳትደብቅ ንገራት፣ ድርሻዋንም አስብላት። ተማሪዋን በተመለከተ ከወንድሟ ጋር ሳይሆን ከእናትና አባቷ ጋር ቁጭ በል፤ እምቢ ካሉ ፎቶው ከውሉም ከቻናሉም ይውጣ። ከዚያ ረቂቁን፣ የፈቃድ ወረቀቶቹን፣ የመታወቂያ ኮፒዎቹን፣ ከሞዴሎቹና ከዲዛይነሩ ጋር የተላላክኸውን መልእክትና ሮው ፋይሎቹን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለህ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣልና እዚያ ጠይቅ። እኔ ያየሁት የላክህልኝን ብቻ ስለሆነ ይህ ጽሑፍ ሰነዶችህን ሙሉ አይቶ ምክር የሚሰጥ ሰውን አይተካም። 3ኛውና 6ኛው አንቀጽ ሳይስተካከሉ ግን ማንም ቢመክርህ እንዳትፈርም።