የኋላ ሾክ ነው ወይስ ሞላ? ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቪትዝሽ ሰው ሲሞላባት ኋላዋ ቁጭ ይላል፣ ጉድጓድ ካለፈች በኋላም ትወዛወዛለች። አንዱ መካኒክ ሾክ ቀይሪ ሲልሽ ሌላው ሞላ ነው አለሽ። እኔም ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። ጠዋት ጠዋት ሦስት ጎረቤቶቼን ጭኜ በፒስታው እወጣለሁ። ይሄን ነገር ከኪሴ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ምናልባት ሁለቱም መካኒኮች ልክ ናቸው። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው፣ ያ ጥምዝምዝ ብረት ነው። ሾኩ፣ ቱቦ የሚመስለው፣ የሞላውን መዝለል ነው የሚያረጋጋው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲያልፍ ውዝዋዜው ወደ ሙቀት ይለወጣል። እንግዲህ ቁጭ ማለቱ የሞላ፣ መወዛወዙ የሾክ ጉዳይ ነው። መኪናዋን ባዶዋን ሜዳ ላይ አቁሚና ከኋላ ሆነሽ እያት። ዝቅ ብላ ወይም ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ከቆመች ሾክ ብትቀይሪም አትነሳም። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሁለት አዲስ ሾክ ገዝቼ አስገጠምኩ፤ መኪናዋ ግን እንደነበረች ቀረች። ለካ ሞላው ታች ጫፉ ላይ ተሰብሮ ኖሯል።

ጥጉን ተጭኖ መልቀቅን ሁሉም ሰው ይነግርሻል። ተነስታ ቶሎ ከረጋች ደህና፣ ሁለት ሦስቴ ከዘለለች ሾኩ አልቋል። ግን ይሄን ሙከራ ብታልፍም አትተማመኚ፤ ግማሽ የሞተ ሾክ ያልፈዋል። እኔ የማምነው በእጅ መዳሰስን ነው። ፒስታ ላይ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ንጂ፣ ከዚያ ደልዳላ ቦታ አቁመሽ የሁለቱንም ሾክ ገላ በጥንቃቄ ንኪ። የሚሠራው ይሞቃል። አንዱ ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ሥራ አቁሟል። ማርሚታውን ብቻ እንዳትነኪ፣ ያቃጥልሻል።

ዘይት ማፍሰሱንም እዪ። ስስ እርጥበት ችግር የለውም፤ አቧራ ለጥፎ ወደ ታች የወረደ ዘይት ካለ ግን መቀየር አለበት። ጭቃ ከሸፈነው አሳጥቢውና ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመልከቺ። የኋላ ጎማዎቹን መሬት የሚነካውን ገጽ ደግሞ በመዳፍሽ ዳብሺ። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ሾኩ ጎማውን መሬት ላይ አልያዘውም ማለት ነው። ባላንስ ያጣ ጎማም እንደዚያ ይበላልና እሱንም አስፈትሺ። ኋላዋ ኳ ኳ ካለ የሾኩ ጎሚኒ፣ ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ፣ አልቆ ይሆናል።

አደራ፣ ምቾት ብቻ ነው ብለሽ አታዘግዪው። አንድ ቀን የኔዋ ኩርባ ላይ፣ እንደ ቆርቆሮ የተሸነታተረ ፒስታ ስትረግጥ ኋላዋ እየዘለለ ወደ ውጭ ሸሸ። ጎረቤቶቼ ውስጥ ነበሩ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎማ መሬት ካልያዘ ፍሬንም አይሠራም።

ስትገዢ ጥንድ ግዢ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገኛል፣ እኔ ግን አልመክርሽም፤ በዓይን ብቻ አይታወቅም። የግድ ከሆነ ቀጥ አድርገሽ አቁሚና እስከ መጨረሻው ግፊው፣ ሳቢው። መሃል ላይ ለቀቅ የሚል ቦታ ካለው ተዪው። አዲሱም ቢሆን ተኝቶ ስለከረመ፣ ከመገጠሙ በፊት ቆሞ ጥቂት ጊዜ ይገፋ፣ ይሳብ። ቪትዝ ላይ የኋላው ሾክ ከሞላው ተለይቶ ስለሚገጠም ሥራው ቀላል ነው። መካኒኩ የታችኛውን ዳዶ መጨረሻ ላይ እንዲያጠብቅ ንገሪው፤ መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ። አየር ላይ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ነገ ከሥራ ስትመለሺ ሁለቱንም ዳስሺና የቱ ቀዝቃዛ እንደሆነ ጻፊልን።